መሬት ላይ የሚቀመጠው መላጊያ

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው አገር የትኛው መሥሪያ ቤት ለምን እንደታመመ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ማለት ለጉራም ነው፣ ግን እውነት ስለሆነም ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ስምንተኛ ክፍልን እንኳ የጨረስኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው። ሆኖም ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሠራተኞቻቸው ለምን እንደሚኮራረፉ፣ ሥራቸው ለምን እንደሚጎተት፣ ጎበዝ ያሉት ሰው ለምን ድንገት እንደሚለግም ሊጠይቁኝ በሬን ሲያንኳኩ ኖረዋል። መልስ አጥቼ አላውቅም። የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም በሕይወቴ ትልቁን ነገር ያገኘሁት በዚያው ስህተት ውስጥ ነው።

ሙያዬን የጀመርኩት ወልቂጤ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ የሠራተኞችን ማኅደር ማውጣትና መመለስ ነበር። ሌላው ሰው አቧራውን አራግፎ ያቀብላል፤ እኔ ግን አነበዋለሁ። ማንም አንብብ አላለኝም። አንድ ሾፌር ዓመት ሙሉ የሕመም ፈቃድ የጠየቀው አንድ ኃላፊ መስክ በሚወጣበት ሳምንት ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ከማኅደሩ ነው። ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰውዬው ከኋላ ተቀምጦ ነው መኪና የሚነዳው» አለኝ። «ቀስ በል፣ ፍሬን ያዝ፣ ጥሩንባ ንፋ! እኔ ታዲያ ምን ልሥራ?»

ከዚያ በኋላ ኃላፊው መስክ በወጣ ቁጥር መንገድ ላይ የሚያነበው አንድ ወፍራም ማኅደር አዘጋጅቼ መስጠት ጀመርኩ። ሰውዬው ማኅደሩ ላይ አቀርቅሮ ይሄዳል፣ ሾፌሩም በሰላም ይነዳል። የሕመም ፈቃዱ ቀረ። ይህን ሐኪም አላደረገውም፤ እኔ ነኝ ያደረግሁት።

መንግሥት ሲለወጥ አዲሶቹ ኃላፊዎች የድሮውን ወረቀት እንድናስወግድ አዘዙ። ከክምሩ ውስጥ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አይጥ የበላው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች የተጻፈ ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስሙንም አይጥ በልቶታል። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ስጨርስ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ። ሰው ሲሠራ እያየ የሚጽፍ፣ ይህም ሙያ ሆኖለት የሚከበር ሰው በዓለም ላይ አለ ማለት ነው! እኔ ታዲያ እስከ ዛሬ ሳደርግ የነበረው ምን ሆነና? ያን ቀን ራሴን በራሴ የሥራ ሳይኮሎጂ ተመራማሪ አድርጌ ሾምኩ። ሹመቱን የተቃወመች ባለቤቴ ብቻ ነበረች።

«መጀመሪያ የራስህን ቤት ተመራመር» አለችኝ፤ «ጣሪያው ያፈሳል።»

የምርመራ ዘዴዬ ከመጽሐፉ የተወሰደ አይደለም፤ የራሴ ነው። አንድ የሥራ ቦታ ስጠራ ሦስት ቀን ምንም አልጠይቅም። ጥግ ይዤ እቀመጥና ሰዎች በእጃቸው የሚያደርጉትን ብቻ እጽፋለሁ። የሚናገሩትን አልጽፍም፤ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ንግግሩን ያሳምራል፣ እጁን ማሳመር ግን ይረሳል። በዚህ ዘዴ ወፍጮ ቤት መርምሬያለሁ፤ ጋራዥ መርምሬያለሁ፤ የአውቶቡስ ተራ አስከባሪዎችን እንሴኖ ድረስ ሄጄ መርምሬያለሁ። አንድ የክረምት መውጫ ወባ በርትቶ የጤና ጣቢያ ግቢ በበሽተኛ ሲጨናነቅ፣ የታካሚ ካርድ እየጠፋ ሰው ሲያለቅስ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሁለት ቀን ብቻ ተቀመጥኩ። አንደኛዋ ካርድ ሠራተኛ ካርዱን በሰውየው ስም ትደረድራለች፤ ሁለተኛዋ በአባቱ ስም። አንዷ ያስቀመጠችውን ሌላዋ አታገኘውም። አንድም ካርድ አልጠፋም ነበር! ይህንን ስናገር የጤና ጣቢያው ኃላፊ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ግን እርስ በርስ ተያይተው እስኪያነቡ ሳቁ።

እንግዲህ ስሜ በዚህ ዓይነት ዞሮ ቡታጅራ ደረሰ።

የጠራኝ በከተማው በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞችን የሚከታተል የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነበር። ከሰሜን የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ ክላሰር በብብቱ የማይለየው ሰው። ወልቂጤና ቡታጅራ ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን ዝናብ የመንገዱን ነገር ስላበላሸው በአዲስ አበባ ዞሬ በሁለተኛው ቀን ደረስኩ። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ በባጃጅ ወስዶ በቀጥታ አንድ የቆርቆሮ ሼድ በር ላይ አቆመኝ።

«አሥራ ሁለት አናጢዎች ናቸው» አለኝ። «የተማሪ ዴስክ እንዲሠሩ ውል ይዘዋል። መጀመሪያ ላይ የሚደነቅ ሥራ ይሠሩ ነበር። አሁን ሦስት ወር ሆነ፤ የሚያቀርቡት ዴስክ ተማሪ ሳይቀመጥበት ይወላገዳል። ትምህርት ቤቱም መልሶባቸዋል። ትምህርት እስኪከፈት ካላስረከቡ ሼዱን ለሌላ ማኅበር አስተላልፉ ተብያለሁ።»

«እነሱስ?»

«እነሱማ ይበተናሉ። ሌላ የት ይሠራሉ? መሣሪያቸውን የሚያስቀምጡበት ቤት እንኳ የላቸውም።» ክላሰሩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔም እጠየቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ስለ እኔ አይደለም። አሥራ ሁለት አባወራ ነው።»

ትምህርት ሊከፈት አምስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «በሁለት ሳምንት ውስጥ በሽታውን አገኝልሃለሁ» አልኩት። ልጅ እያለሁም እንደዚህ ያለ ደስታ አልተሰማኝም። እውነተኛ ሥራ! አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ የማይታይ በሽታ!

ሼዱ ውስጥ ገብቼ ጥጌን ያዝኩ። አናጢዎቹ ሙስሊምም ክርስቲያንም አሉባቸው፤ አብዛኞቹ ከመስቃን ገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። ሊቀመንበራቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ፈጣን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የሚመስል አነጋገር ያለው ጎረምሳ ነበር። ከሁሉም ጫፍ፣ በር አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ይሠራል። አባባ ይሉታል። ነጭ ኮፍያ ያደርጋል፤ ከእርሳስ ይልቅ በጥፍሩ እንጨት ላይ ምልክት ያደርጋል። ማኅበሩ ውስጥ ሙያውን ከባለሙያ እጅ የተማረ እርሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ያገኙት ከእርሱ ነው። በሩ ላይ ሻይና አምባሻ የምትሸጥ ሴት አለች፤ የሼዱን ወሬ ከማንም በላይ ታውቃለች። በዘዴዬ መሠረት ግን ለሦስት ቀን አልጠይቃትም አልኩ።

ሦስት ቀን ጻፍኩ። ደብተሬ ውስጥ እንዲህ የሚሉ መስመሮች ነበሩ፦ «ሽማግሌው መጋዝ ስሎ ጨረሰ፤ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ልጁ አነሣው።» «ልጁ መላጊያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሽማግሌው አነሣው።» «መሮ፤ መሬት ላይ።» ገጹ ሁሉ መሬት ላይ፣ መሬት ላይ ይላል። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩት? ለቢሮው ባቀረብኩት የመጀመሪያ ሪፖርት ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ እንዲህ አልኩ፦ «ሠራተኞቹ ስለታም መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ አለመቀባበላቸው ለአደጋ መከላከል የሚመሰገን ልማድ ነው።» ይህችን ወረቀት ዛሬም አስቀምጫታለሁ። ስኩራራ ሰው ሲሰለቸው ባለቤቴ አውጥታ ታነብለታለች።

በሽታው ምንድን ነው ለሚለው ደግሞ መጽሐፌ መልስ ነበረው፦ ብርሃን። የሥራ ጠረጴዛዎቹ ጨለማው ግድግዳ ጋ ተደርድረዋል፤ ማጋጠሚያው የሚወላገደው አጥርተው ስለማያዩ ነው። ኃላፊው በሐሳቡ ተደሰተ። ሊቀመንበሩ «ጋሼ፣ አቦ አያካብዱት፤ እንጨት በጨለማም ይላጋል» ቢለኝም አልሰማሁትም። በአንድ ቀን ጠረጴዛዎቹንም የተከመረውን ጣውላም ወደ መስኮቱ አዞርን። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ደግሞ ዝምታውን ስምምነት ብዬ ጻፍኩት!

በሳምንቱ የተሠሩት ዴስኮች ከቀድሞዎቹ የባሱ ሆኑ። አንደኛው ላይ ስቀመጥ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን አጋደለ። ኃላፊው ክላሰሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

ወጥቼ ሻይ አዘዝኩ። ባለሻይዋ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ከወልቂጤ ድረስ የመጡት ጠረጴዛ ለመሸከም ነው?» አለች። «እሱንማ እዚህም ኩሊ አለ።»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት አንድ ነገር አየሁ። ሽማግሌው ከሼዱ ወጥቶ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለ፤ ጠጥቶ በእጇ መለሰ። ወዲያው አንድ የሚያውቀው አናጢ በመንገድ ሲያልፍ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ቆመና መሮ እንዲያውሰው ጠየቀው። ሽማግሌው ገብቶ መሮውን አመጣ፤ ስለቱን በራሱ በኩል አድርጎ እጀታውን በሰውየው መዳፍ ላይ አኖረ። ከእጅ ወደ እጅ!

ብርጭቆዬን ልጥለው ነበር። ደብተሬን አወጣሁና ገጾቹን ገለጥኩ። መሬት ላይ፣ መሬት ላይ፣ መሬት ላይ። ለውጭ ሰው በእጁ ይሰጣል። ከራሱ ማኅበር ሰዎች ጋር ብቻ መሬት ላይ! የምን አደጋ መከላከል! እኔ ጉንችሬ አካባቢ የተወለድኩ ሰው፣ ይህን ነገር ልጅ ሆኜ መቶ ጊዜ ያየሁት ሰው፣ ፋብሪካ ፋብሪካ የሚል መጽሐፍ ዓይኔ ላይ ደፍቼ ሳላየው ቀረሁ!

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«መሬት ላይ ማስቀመጥ የጀመሩት።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንኳን አዩት» አለች። «ከግምገማው ቀን ጀምሮ ነዋ።»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ይነገረው አይባልም። ላልኖረው ልንገር፦ ሠራተኛው በሙሉ ይሰበሰብና አንዱ በሌላው ላይ ፊት ለፊት ሂስ ያቀርባል፤ የተነካውም ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ተብሎ ይያዛል። በሼዱ ውስጥ በተደረገው ግምገማ ሊቀመንበሩ ወረቀት ይዞ ተነሥቶ፣ ሽማግሌውን «ዕውቀት ይደብቃሉ፤ ኋላቀር አመለካከት አለብዎት» ብሏል። ከዚያ በየተራ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ጨመረ፤ መጨመር ግዴታ ነበርና። ሽማግሌው «ጨረሳችሁ?» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሂሱን በመቀበል ተጠናቋል» ተብሎ ተጻፈ።

እነርሱ በመጡበት ገጠር ግን ነገሩ አልተጠናቀቀም። እኔ በተወለድኩበትም እንዲሁ ነው። ሰው በሰው ፊት ከተነቀፈ ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ እስኪመርቅ ድረስ ከነቃፊው እጅ ዕቃ አይቀበልም፤ በእጁም አያቀብልም። ኩርፊያ አይደለም። ሰላምታ አለ፣ ሥራም አለ፤ ነገሩ እንዳልተዘጋ ብቻ ያሳያል። አገር ቤት ይህ ሁለት ቀን አይቆይም፤ ጎረቤት አይቶ ሽማግሌ ይጠራል። እዚህ ግን ማን ይጥራ? ወጣቶቹ ነገሩ በቃለ ጉባኤ ተዘግቷል ተብለዋል፤ ሽማግሌው አናጢ ደግሞ አስታራቂ የሚጠራ ሰው ሲጠብቅ ሦስት ወር ሆነው። ወጣቶቹም እኮ መሣሪያውን መሬት ላይ የሚያስቀምጡት አክብረውት ነው! ሁለቱም ወገን ሥርዓቱን እየጠበቀ ማኅበሩ ሊፈርስ ነው!

በሩጫ ወደ ቢሮው ሄድኩ። የሃምሳ ዓመት ሰው በቡታጅራ ዋና መንገድ ደብተር ይዞ ሲሮጥ የባጃጅ ሾፌሮች አጨበጨቡልኝ።

ኃላፊው በትዕግሥት ሰማኝና ክላሰሩን ከፈተ። «ግን ተዘግቷል እኮ። ይኸው ቃለ ጉባኤው፤ ሁሉም ፈርመዋል።»

«ወረቀቱ ተዘግቷል፤ ነገሩ አልተዘጋም።»

«እና ምን ላድርግ? የመንግሥት ሥራ ላይ ሽማግሌ ላስቀምጥ? ይህ በቅጹ ላይ የት ይገባል?»

«የማጠቃለያ ግምገማ በለው። ቅጽህን ሙላ። አሠራሩን ብቻ ለእነርሱ ተውላቸው።»

ክላሰሩን ዘጋ። «ብርሃን ነው ብለውኝ ነበር» አለ በትሕትና። ይህች ቃል ከስድብ የበለጠ አመመችኝ። «እሺ። አሁን ከሳቱ ግን የምገመግመው እርስዎን ነው።»

የቀረው ሽማግሌውን መጠየቅ ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ሄጄ «አባባ፣ ሽማግሌ እናስቀምጥ፤ ፈቃድዎ ይሁን» አልኩት። መላጋቱን አላቆመም።

«አንተ ነህ ጣውላችንን ወደ መስኮት ያዞርከው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መታው። ጠመመ።» የተላጋውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «የልጆቹ ሥራ ክፉ ነበር። አንተ መጥተህ እንጨቱንም ክፉ አደረግህ።»

በሕይወቴ ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ነግሮኝ አያውቅም። «ስለ ብርሃን ነበር የ...» ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

«ሽማግሌ ይቀመጥ» አለ። «አንተም ትቀመጣለህ።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሼዱ ግቢ ውስጥ ባለው ዋንዛ ሥር ተሰበሰብን። ከከተማው ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። የሚቀመጡበት ስላልነበረ ከተመለሱት ዴስኮች አንዱ ቀረበላቸው። ሲቀመጡ ተንቋቋ።

«ይሄ ነው የተጣላችሁበት ዴስክ?» አለ ክርስቲያኑ።

«ቀስ ብለህ ተቀመጥ፤ ሳንጨርስ እንዳይፈርስ» አለው ጓደኛው። ሳቅ ሆነ። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ግቢ እንደዚያ አልተሳቀም፣ አለችኝ ባለሻይዋ በኋላ።

ሥርዓቱን በጉጉት ተመለከትኩት! በግምገማ ሰው ለተከሳሹ ዓይን ዓይኑን እያየ ይናገራል። እዚህ ግን ማንም ለሌላው አይናገርም፤ ሁሉም የሚናገረው ለሽማግሌዎቹ ነው። የተነቀፈው ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን እንደ ሌላ ሰው ወሬ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የሚናገረው ደግሞ ሽማግሌ ፊት ስለሆነ ቃሉን ይመርጣል። ያው ነቀፋ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል!

ሊቀመንበሩ ተነሣ። ያ የአራዳ አነጋገሩ ጠፋ። «እኔ ይህን ሙያ እወደዋለሁ» አለ ለሽማግሌዎቹ። «እግሩና እግሮቹን የሚያያይዘው ማገር የሚገናኙበትን አለካክ ሰባት ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። አንድ ጊዜም አልነገሩኝም። ግምገማ ሲባል ሌላ ቃል አላገኘሁም፤ ዕውቀት ይደብቃሉ አልኩ። ማለት የፈለግሁት ግን፣ ለምን አያስተምሩኝም ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አናጢው ዞሩ።

«እኔን ያስተማረኝ ሰው አንድ ቀን በአፉ አልነገረኝም» አለ። «መሮውን እጄ ላይ ያደርግና በላዩ ላይ እጄን ይይዛል። እንዲህ ነው የማውቀው። በአፍ ንገረኝ ብትሉኝ አላውቅበትም። ይህ ልጅ ሲጠይቀኝ በሚቀጥለው ጁምዓ እጁን እይዛለሁ ብዬ ነበር። እስከዚያው የሁሉንም ማጋጠሚያ፣ መሣሪያውን ከእጃቸው እየተቀበልኩ እኔው አቀናው ነበር። በዚያው ሳምንት ግምገማ ሆነ። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን በእጁ መስጠት አልችልም። መሣሪያውን በእጁ ካልሰጠሁት በምን ላስተምረው?»

እኔ ጽሑፌን አቆምኩ። እንግዲህ ይኸው ነው! መሬት ላይ የተቀመጠው መላጊያ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርቱም አብሮ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። አሥራ አንዱ ወጣቶች ሦስት ወር ሙሉ ያለ አስተማሪ እየገመቱ ሲሠሩ ነበር። እንኳን ብርሃን፣ ጸሐይዋን ራሷን አውርደህ ብትሰጣቸው ዴስኩ አይቀናም! ዘልዬ መነሣት አማረኝ፣ መጮህ አማረኝ።

አንዱ ሽማግሌ አናጢውን ጠየቀ። «ያልተነገረ የቀረ አለ?»

«አንድ አለ» አለ፤ እኔን አላየኝም። «ጣውላውን ፀሐይ ላይ ያወጣ ሰው አለ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኃላፊው እንኳ ከክላሰሩ ቀና አለ። ይህች ደቂቃ ምን ያህል እንደረዘመች ለመግለጽ አልሞክርም። እምቢ ብል ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ነገሩ በአንድ በኩል ክፍት ይቀራል፣ ክፍት ከቀረ አይመረቅም፣ ካልተመረቀ መላጊያው ከመሬት አይነሣም፣ ሼዱም ለሌላ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ከእኔ የተሻለ የተረዳ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። በሽታውን ያገኘሁት እኔ ነኛ! ታዲያ የእኔ ኩራት የአሥራ ሁለት ሰው እንጀራ ላይ ተቀምጦ ሊቀር ነው?

ተነሣሁ። ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ስለ እንጨት አላውቅም ነበር፤ የሚያውቀውንም ሰው አልጠየቅሁም። ዝም ሲል ተስማማ ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይህን ቃል ከዚያ በፊት ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ስነግራት አላመነችም፤ ምስክር አምጣ አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ። አንዱ ዱዓ አደረገ፣ ሌላው በራሱ ጸሎት ዘጋ፤ አሚንም አሜንም ተባለ። ከዚያ አናጢው ብድግ ብሎ ወደ ሼዱ ገባና መላጊያውን ይዞ ወጣ። ሊቀመንበሩ ፊት ቆመ። ልጁ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው መላጊያውን መዳፉ ላይ አኖረ፤ እጁን ግን አላነሣም፣ በልጁ እጅ ላይ እንደያዘ ቆየ። «ና» አለው። ገቡ። ምረቃው ካለቀ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትምህርቱ ተጀመረ!

ኃላፊው ቅጹን ሲሞላ አየሁት። «ሂስ ተቀብሏል» ከሚለው ሳጥን አጠገብ ቆመና «የማንን ልጻፍ?» አለኝ።

«የእኔንም ጨምር» አልኩት።

በቀሩት ሦስት ሳምንታት ከተማው ከዚያ ሼድ የሚወጣውን ድምፅ ሰምቷል። የጠመመውን ጣውላ ሽማግሌው እያስለየ ለአጫጭሩ ክፍል አዋለው፤ የተመለሱትን ዴስኮች አፍርሰው በአዲስ ማጋጠሚያ ሠሯቸው። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀር የመጨረሻዎቹ ዴስኮች በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ። ሊቀመንበሩ ከላይ ተቀምጦባቸው ነበር። «ጋሼ፣ ይዩ፣ አይወላገድም!» እያለ እየዘለለ። ሼዱ በእነርሱ ስም ቀረ።

ወደ ወልቂጤ ልመለስ በተሰናበትኩበት ቀን ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ። እየፈለፈለ ያለው አንድ ማገር ነበር። መሮውን አነሣ፣ በእጄ አቀበለኝ። ገባኝ፤ እኔም ተመርቄያለሁ ማለት ነው! ከደስታዬ ብዛት እጀታውን ትቼ ስለቱን ያዝኩት።

ደሙ ጠብ አለ። ከዚያ ባለሻይዋ ከበሩ ላይ «አደጋ መከላከል!» ብላ ጮኸች፤ ሪፖርቴን ኃላፊው አንብቦላት ኖሯል። አሥራ ሁለቱም አናጢዎች ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ሽማግሌው ራሱ ከት ብሎ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከሻንጣው ንጹሕ ጨርቅ አውጥቶ ጣቴን አሰረልኝና መሮውን እንደገና፣ አሁን በትክክል፣ መዳፌ ላይ አኖረ፤ እጁንም በላዩ አደረገ። አንድ መስመር አብረን ፈለፈልን።

ጠባሳው አውራ ጣቴ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ የመረመርኩት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ብዙ ነው፣ ሁሉም ዳነ፤ ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ። በየትኛውም ቦታ ግን ሦስቱ ቀን ሲያልቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ዝም ያለውን ሰው ነው። ያቺ ማገር የትኛው ክፍል ውስጥ፣ በየትኛው ዴስክ ሥር እንደገባች አላውቅም። የእኔ እጅ ያረፈባት ግን አትወላገድም።